ሚክሱን ተዉት፣ ዘፈኖቹ ሰው አላዩም

ጥያቄው ከአንድ ወጣት የቤዝ ተጫዋች የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው (ሚክስ የየመሣሪያውን ድምፅ አመጣጥኖ ማዋሃድ ነው፤ ማስተሪንግ ከዚያ በኋላ የሚደረገው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ)፦

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር የምንኖር አምስት ልጆች ነን። ሮክ እንጫወታለን። የመጀመሪያው አልበማችን ዘጠኝ ዘፈን ነበረው፤ ሰው ከጠበቅነው በላይ ወደደው። ሁለተኛውን አሁን ጨርሰናል፤ አሥራ አንድ ዘፈን ነው። ያሰማነው ሰው ሁሉ ግን ‹አንዳንዱ ይመታል፣ አንዳንዱ እንጃ› ይለናል። እኛም ስንሰማው እንደዚያው ነው። ችግሩ ሚክሱ ነው? ማስተሪንጉን አዲስ አበባ ልከን እንደገና እናሠራው? ወይስ የሁለተኛ አልበም ዕጣው ይሄ ነው? ፋይሎቹን ልኬልዎታለሁ፤ ሳይራሩ ይንገሩን።»

ፋይሎቹ ደርሰውኛል። ሦስት ጊዜ ሰማኋቸው። አንዴ እቤቴ፣ በስቱዲዮ ስፒከር። አንዴ በአንድ የሰፈሬ ልጅ ባጃጅ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ መልስ። ሦስተኛውን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ያዘዝኩት ዓሣ ጉላሽ እስኪመጣ። ጉላሹ ዘገየ፤ አሥራ አንዱንም ጨረስኩ።

ሳይራሩ ብለሃል፤ እሺ። ችግሩ ሚክሱ አይደለም።

እንዲያውም ሚክሱ ከመጀመሪያው ይሻላል። በመጀመሪያው አልበም የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ያንተ ቤዝ አንድ በር ላይ የሚጋፉ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ከ60 እስከ 100 ኸርዝ ባለው የወፍራም ድምፅ ቦታ ተጨናንቀው አንዱ ሌላውን ይውጠው ነበር። አሁን ቦታ ተለቃቀዋል። ባጃጅ ውስጥ እንኳ፣ ያ ሁሉ የሞተር ጩኸት እያለ፣ የቤዝህን መስመር ተከትዬ ማንጎራጎር ችያለሁ። ግን እስቲ አስበው፤ የመጀመሪያውን አልበም «ቤዙ ደብዝዟል» ብሎ የዘጋው ሰው አለ? የለም። ሰው ዘፈኑን ከወደደው ድምፁን ይቅር ይላል። ዘፈኑን ካልወደደው ደግሞ ጥራቱ ምንም ቢሆን ተመልሶ አይሰማውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለሁለተኛው አልበም ስንት ዘፈን ጣላችሁ?

መልሱን ፋይሎቹ ነግረውኛል። ከ1 እስከ 11 ተቆጥረዋል፤ የተቀዱበት ቀንም እንደ ቁጥራቸው ነው። አሥራ አንድ ጻፋችሁ፣ አሥራ አንድ ቀዳችሁ።

የመጀመሪያው እንደዚያ አልነበረም። እነዚያ ዘጠኝ ዘፈኖች ሠላሳ ከሚሆኑት የተረፉ ናቸው። አውቃለሁ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ አይቻለሁና። ፔዳ ግቢ ለተመራቂዎች ስትጫወቱ ስለ ክረምት የሚያወራ አንድ ዘፈን ነበራችሁ፤ ኢንትሮው ብቻ ሁለት ደቂቃ። ሰዉ ስልኩን አወጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ኢንትሮው ግማሽ ሆነ። ከዚያ ዘፈኑ ራሱ ጠፋ። ጎበዞች አልኩ በልቤ።

ሌላ ቀን ደግሞ እዚሁ ሐይቅ ዳር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርሱ መብራት ጠፋ። ጊታሩ ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ድራመራችሁ ግን አላቆመም። ድምፃዊው ያለ ማይክ አዝማቹን ቀጠለ። ከፊት ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ተቀበሉት፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ያህል በድራምና በሰው ድምፅ ብቻ ሄደ። አስተናጋጇ እንኳ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ትዘፍን ነበር። የመጀመሪያው አልበማችሁ በድራምና በሰው ድምፅ ብቻ የሚጀምረው ለምን ይመስልሃል? ያንን ቅንብር የሠራው የጠፋው መብራት ነው።

አዲሶቹ ላይ መብራት አልጠፋባቸውም። ሰው ፊት አልቆሙም። ማንም አላዛጋባቸውም።

ሙዚቀኞች ዘንድ የቆየ አባባል አለ፤ ለመጀመሪያው አልበም ዕድሜህን ሙሉ አለህ፣ ለሁለተኛው ስድስት ወር። ግማሹን እቀበላለሁ። ነገሩ የጊዜ ብቻ ቢሆን ግን ጊዜ የወሰደ ሁሉ ይሳካለት ነበር።

ስቶን ሮዝስን ውሰድ፣ የማንቸስተሮቹን። የመጀመሪያው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ፤ እስከ ዛሬ ከእንግሊዝ ምርጥ የመጀመሪያ አልበሞች አንዱ ነው እየተባለ ይወራለታል። ሁለተኛው የመጣው በ1994 መጨረሻ ነው። አምስት ዓመት ተኩል። በመሃል ከሙዚቃ ኩባንያቸው ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ አሸነፉ፣ ወደ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ተዛወሩ። ገንዘብ ነበራቸው፣ ስቱዲዮ ነበራቸው፣ ጊዜ ነበራቸው። አንድ ነገር ግን አልነበራቸውም። ከ1990 አጋማሽ ጀምሮ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ መድረክ ላይ አልወጡም። ሁለተኛውን ስሰማው የሚያስደንግጥ ጊታር እሰማለሁ። ዘፈኑ የት ጋ ማለቅ እንዳለበት የነገራቸው ሰው ግን ያለ አይመስልም።

አሁን ደግሞ ሌድ ዘፕሊንን እይ። የመጀመሪያው አልበም ጃንዋሪ 1969፣ ሁለተኛው ኦክቶበር 1969። ዘጠኝ ወር! ያውም የቀዱት በኮንሰርት ጉዞ መሃል ነው፤ ለንደን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኒውዮርክ፣ ባገኙት ስቱዲዮ እየገቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትለኝ ይሆናል። አልተፈታባቸውም። ከሪፎቹ (እየተደጋገሙ ከሚመጡት አጫጭር የጊታር ሐረጎች) አንዳንዶቹ መድረክ ላይ እንዳመጣላቸው ሲጫወቱ የወጡ፣ ሰው ፊት የታሹ ናቸው። ያቺን አጭር ጊዜ ሰው ፊት ነው የጨረሷት።

ቦስተን የሚባለው ባንድ ታሪክ ደግሞ ለአባባሉ ያደላል። መሪያቸው ቶም ሾልዝ የመጀመሪያውን አልበም አብዛኛውን እቤቱ ምድር ቤት ነው የቀዳው፤ ዘፈኖቹን ለዓመታት ሲያሻሽል ቆይቶ። በ1976 ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሽያጩ 17 ሚሊዮን ደርሷል። ኩባንያው ቶሎ በል አለው፤ ሁለተኛው በ1978 ወጣ፣ 33 ደቂቃ ገደማ ነው። ሾልዝ ራሱ ሳይበስል ወጣብኝ ይላል። ሦስተኛውን እስከ 1986 አላወጣም። ኩርፊያ ብዬዋለሁ እኔ።

ዕጣ ነው ወይ ለሚለው ግን፣ አይደለም። ኒርቫና የመጀመሪያ አልበማቸውን በ600 ዶላር ገደማ ቀድተው በ1989 አወጡ። በ1991 ዓለምን ያናወጠው ሁለተኛቸው ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያቸው ይመስለዋል። የመጀመሪያው ብዙ ያልተወራለት ባንድ ሁለተኛውን «ሁለተኛ» ብሎ የሚቆጥርበት የለም። እናንተ የመጀመሪያው ስለተሳካላችሁ ነው የምትቆጠሩት፤ ለዚህ ደግሞ ልታለቅሱ አይገባም።

እኔም አላመለጥኩም። በካሴት ዘመን ማለቂያ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሁለተኛ ሥራችንን ልንቀዳ አዲስ አበባ ሄድን። ስሙን የማልጠራው ስቱዲዮ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። ገንዘባችን ለስድስት ቀን ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ባለቤቱ መጥቶ ድራመራችንን አየና «ይሄ ልጅ ሰዓት ይፈጃል» አለ። ድራም ማሽን አስገባ። ዝም አልን፤ እኛም ሰዓቱን እያየን ነበራ። ድራመራችን አራት ቀን በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጣ ከረመ። ካሴቱ ሲወጣ እናቴ ሰማችውና «ልጄ፣ እናንተ የላችሁበትም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ የአልበም ግምገማ እስከ ዛሬ አላነበብኩም።

ወደ እናንተ ልመለስ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ዘጠነኛው ቆመው ይሄዳሉ። አትንኳቸው። አራተኛውና ስድስተኛው ታመዋል እንጂ አልሞቱም። ምን እንደያዛቸው ልንገርህ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሠኝ።

አራተኛው ቅኝቱ አምባሰል ነው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። ሚ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሚ ፍላትም ቢሆን። በመጀመሪያው አልበም ኪቦርዱ ከጀርባ ቀጭን ነበር። የሚመራው ጊታሩ ነው፤ እሱም የሚመታው ፓወር ኮርድ ብቻ ነው፤ ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው፣ የዚህኛው ሁለት ብቻ፣ ዶና ሶል። መሃሉ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ቅኝቱን አይነካውም። ዲስቶርሽን ያለው (ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ) ጊታር ከትዝታም ከባቲም ከአምባሰልም ጋር ተስማምቶ የሚኖረው ለዚህ ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት፣ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ እኔን ደስ ያለኝም ይሄው ነበር፤ ከባድ ጊታርና የኛ ዜማ ሳይጣሉ አንድ ቤት ሲያድሩ።

አሁን ግን ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ ኮርድ ተምሯል። ይማር፣ ጎበዝ። ነገር ግን 1፡12 ላይ ድምፃዊው ሬ ፍላትን ይዞ ሲያለቅስ፣ እሱ ከሥር ሙሉ ሜጀር ኮርድ ያነጥፍለታል፤ ሚ ያለበት። ድምፃዊው ልቅሶ ቤት ገብቶ ኪቦርዱ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ይመስላል። አድማጭ «ችግሩ ሚ ናት» ብሎ አይነግራችሁም። «እንጃ» ነው የሚላችሁ።

ስድስተኛው ይብሳል። አንቺ ሆዬ ነው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እዚህ ደግሞ ሶል ራሷ የለችም። ጊታሩ በልማዱ ዶ ላይ ፓወር ኮርድ ሲመታ ሶልን ይዞ ይገባል፤ ከዜማው ሶል ፍላት ጋር ይፋጫሉ። ሆን ብላችሁ ብታደርጉት ደስ ባለኝ፤ መፋጨት ለሮክ ነውር አይደለም። ግን አዝማቹ ላይ ጊታሩ ዝቅ ተደርጓል። ሚክስ ያደረገው ልጅ የሆነ ነገር ቆርቁሮት በፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ በሚደረግበት መቆጣጠሪያ) ሊደብቀው ሞክሯል ማለት ነው። በፌደር አይድንም። ኮርዱን ተዉትና ጊታርና ቤዝ አንድ ላይ፣ ነጠላ ኖታ፣ ዜማውን የሚከተል ሪፍ ምቱ። መሲንቆ የሚያደርገውን ማለቴ ነው። አዝማሪ ኮርድ አይመታም፤ ብቻውን ግን ቤት ይሞላል።

ሦስተኛውና ስምንተኛው ሌላ ሕመም አላቸው። ሁለቱም ችክችካ ናቸው። በመጀመሪያው አልበም ያለውን ችክችካ ለካሁት፤ በደቂቃ 112 ምት ተነስቶ 118 ላይ ያልቃል። አዝማቹ ሲመጣ ሁላችሁም ሳታውቁት ትፈጥናላችሁ፣ የሰውም ትከሻ አብሮ ይፈጥናል። አዲሶቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 116 ናቸው፤ ንቅንቅ የለም። ድራመሩ ብቻውን፣ ክሊክ (ፍጥነት የሚጠብቅ የማሽን ምት) በጆሮው፣ ቀዳ። ሌላው በሌላ ቀን ከየቤቱ ጨመረበት። ክሊክ ጠላት አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የጓደኛህን ትከሻ ሳታይ ችክችካ መምታት በስልክ እስክስታ እንደ መውረድ ነው። ሁለቱን አምስታችሁም አንድ ክፍል ገብታችሁ እንደገና ቅዱ። የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ ቢገባ አትጨነቁ።

ሰባተኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ላይ አልቆይም። ከውጭ አቀናባሪ የመጡ ናቸው፣ አይደል? ያስታውቃል። ባገራችን የአንድ አልበም ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው፣ ቅንብሩ ከሦስት አራት ሰው መሰብሰቡ የተለመደ ነው። ለድምፃዊ ይሠራል፤ አንድ ድምፅ ሁሉንም ይሰበስባቸዋል። ለባንድ ግን ቅንብሩ ራሱ መልኩ ነው። ክላሽ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እንኳ ሁለተኛቸውን በ1978 ሲያወጡ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ይዟቸው ድምፁ ተወለወለ፤ ያ የመጀመሪያው ሻካራነት ግን አብሮ ተወለወለ። ሦስቱ ዘፈኖች ክፉ አይደሉም። የእናንተ አይደሉም እንጂ። አውጧቸው።

ስለ ግጥሙ ልናገር ወይ እያልኩ ነበር። ልናገር። በመጀመሪያው አልበም ከተማው ነበር። ደንገል የጫነ ታንኳ፣ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ቡና፣ ሽምብጥ ላይ ባጃጅ አጥታ በዝናብ የቆመች ልጅ። አዲሱ ላይ ማን አለ? «እነሱ» አሉ። የሚያወሩባችሁ፣ የሚመቀኟችሁ። ምቀኛ የምትለዋን ቃል ቆጠርኳት፤ በአራት ዘፈን ውስጥ አለች። ሁለት ዓመት መድረክና ስቱዲዮ ስትመላለሱ ከርማችሁ ስለ መድረክና ስለ ስቱዲዮ ጻፋችሁ። ይገባኛል። ግን ያቺ ዝናብ የመታት ልጅ ትናፍቀኛለች። እኔን ብቻ አይመስለኝም። እባክህ ለግጥም ጸሐፊያችሁ ንገረው፤ አንድ ሳምንት ስልኩን ዘግቶ ገበያ ይዋል።

ማስተሪንጉ ቀላል ነው። ፋይሎቹ ኤልዩኤፍኤስ በተባለው የጩኸት መለኪያ ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ናቸው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮኻልና በጣም ይጮኻሉ። ስፖቲፋይ አድማጩ ሴቲንጉን ካልነካካ ሁሉንም ከዜሮ በታች ወደ 14 አካባቢ ያወርዳል፤ ዩቲዩብም የጮኸውን ይቀንሳል። በጩኸት ያተረፋችሁትን ሰባት ዴሲቤል መልሰው ይወስዱባችኋል፤ የተጨፈለቀው ድራም ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። እዚያው የሠራው ልጅ ወደ 10 ወይም 11 ይመልሰው። አዲስ አበባ መላክ አያስፈልግም። ገንዘቡን ለልምምድ ክፍል ኪራይ አድርጉት።

ሦስቱ ሲወጡ ስምንት ይቀራል። አነሰ እንዳትለኝ። ራሞንስ በ1976 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን አለ፤ ሁሉም ተደምሮ 30 ደቂቃ አይሞላም። ማንም ገንዘቤን መልሱ አላለም። ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ ካሴት ያሳደገኝ ሰው ነኝና አንድ ምክር አለኝ። ድሮ የቢ ሳይድ (የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ) የመጀመሪያ ዘፈን ደካማ አይደረግም ነበር። ሰውዬው ከተቀመጠበት ተነስቶ ካሴቱን ገልብጧል፤ ድካሙ መካስ አለበት። ዛሬ የሚገለበጥ ነገር ባይኖርም ጆሮ እዚያው መሃል ላይ ይደክማል። ዘጠነኛውን አምስተኛ አድርጉት።

የሚወጣበትን ቀን አትቁረጡ። ከቆረጣችሁም አራዝሙት። ሦስት ቅዳሜ ያዙ። የታመሙትን አራቱን ካከማችኋቸው በኋላ በድሮዎቹ መሃል አስገቧቸው፤ «አዲስ ዘፈን ነው» ብላችሁ ግን አታስተዋውቁ። ሰው አዲስ ሲባል ያከብራል፣ ያጨበጭባል። እሱ ጭብጨባ አይጠቅማችሁም። አንድ ጓደኛችሁን በሩ አጠገብ አስቀምጡት፤ መድረኩን ትቶ ጠረጴዛዎቹን ይይ። የመጀመሪያውን አዝማች ሰው በይሉኝታ ይሰማዋል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ወይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ወይ የዓሣውን እሾህ መልቀም ይቀጥላል። እሾህ የሚለቅሙት ከበዙ የዘፈኑን ስም ጻፍ በለው፤ ሰኞ ልምምድ ላይ ትነጋገሩበታላችሁ። በሦስተኛው ቅዳሜም እሾህ ከሆነ እሱንም አውጡት፤ ሰባትም አልበም ነው።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። ዘጠነኛው ላይ፣ 2፡40 አካባቢ፣ የድምፃዊው ድምፅ ይሰነጠቃል፤ ከጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «እህ» ይላል። ሚክስ ያደረገው ልጅ ሊያጠፋው እንዳሰበ ማስታወሻው ላይ ጽፏል። እጁን ያዙልኝ። ሐይቁ ዳር ያንን ቦታ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት፤ ጉላሹ መጥቶ ቀዝቅዞ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ንገረኝ። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። ጉላሹ በእናንተ ነው።